እውነቱ ከተገኘ በኋላ ለማን ይሰጣል?

አካሄዱ ከመጀመሪያው ገጽ የሚታወቅ አንድ ዓይነት ልቦለድ አለ። ትንሽ ከተማ ናት፤ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። አንድ ቀን ሰው ሞቶ ይገኛል፣ ወይም አንድ ውድ ነገር ይጠፋል። ፖሊሱ ቸኩሎ የተሳሳተ ሰው ያስራል። በከተማዋ ጋዜጣ ላይ የገበያ ዋጋና የሠርግ ዜና የምትጽፍ አንዲት ልጅ ግን ነገሩ አልዋጥላት ይላል። መጠየቅ ትጀምራለች፦ ዳቦ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ቤተክርስቲያን ደጃፍ። መጨረሻ ላይ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጥፋተኛውን በስሙ ትጠራዋለች። ፖሊሱ ያፍራል፣ ከተማዋ እፎይ ትላለች፣ እኛም መጽሐፉን ዘግተን እንተኛለን።

እነዚህን መጻሕፍት እወዳቸዋለሁ። ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የምሠራውም ከእነሱ ብዙ አይርቅም። አንድ ነገር ይበላሻል፣ ሎግ ትከፍታለህ፣ ሰዓት ከሰዓት ታመሳክራለህ፣ በመጨረሻ «እዚህ ጋ ነው» የምትልበት መስመር ላይ ትደርሳለህ። ሲገኝ ደስ ይላል። ግን ኮድ ሲጋለጥ አያፍርም፤ እናት የለውም፤ ነገ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ አታገኘውም። ሰው እንዲህ አይደለም። ስለዚህ እነዚህን ልቦለዶች ባነበብኩ ቁጥር የምትመላለስብኝ ጥያቄ «ማን አደረገው?» የምትለዋ አይደለችም። ከእሷ ቀጥላ የምትመጣዋ ናት፦ እውነቱን ያገኘ ሰው፣ እውነቱን ለማን ነው የሚሰጠው?

መጀመሪያ ግን፣ ለምን ጋዜጠኛ ተመረጠ? ፈረንሳዊው ጋስቶን ለሩ ደራሲ ከመባሉ በፊት «ለ ማተን» የሚባል የፓሪስ ጋዜጣ ዘጋቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተመው «የቢጫው ክፍል ምስጢር» ውስጥ፣ ከውስጥ በተቆለፈ ክፍል የተፈጸመን ጥቃት የሚፈታው ሩልታቢ የተባለ የአሥራ ስምንት ዓመት ሪፖርተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 የመጣው ቲንቲንም በሥራው ሪፖርተር ነው፤ ጽፎ ሲያስረክብ ብዙም አናየውም እንጂ። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። ፖሊስ ሲጠይቅህ ትፈራለህ። ጎረቤት ሲጠይቅህ «ምን አገባው» ትላለህ። ጋዜጠኛ በሁለቱ መሃል ነው፦ ለመጠየቅ ሰበብ አለው፣ ለማሰር ግን ሥልጣን የለውም። በእጁ ያለው ጉልበት አንድ ብቻ ነው፤ ያየውን ለሌላ ሰው መንገር።

እዚህ ላይ ነው እነዚህ ልቦለዶች ሳይናገሩ የተደገፉበት ምሰሶ የሚታየው። እውነቱ ሲነገር የሚቀበል አካል አለ ብለው ያምናሉ። የሚያትም አርታዒ አለ፣ አንብቦ የሚደነግጥ ሕዝብ አለ፣ የታሰረውን የሚፈታ ዳኛ አለ። ልጅቷ እውነቱን አግኝታ «እንካችሁ» ስትል የሚዘረጋ እጅ አለ። ያ እጅ ከሌለስ? ያኔ ያገኘችው እውነት ሐሜት ይሆናል፣ ወይም ራሷን ያጠፋታል። የምርመራ ልቦለድ የሚጽፍ ሰው ስለ ወንጀለኛው ብልጠት ብዙ ይጨነቃል። ከዚያ በፊት ሊጨነቅ የሚገባው ግን ስለ ተቀባዩ ነው።

የምኖረው ቁስቋም ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ ቁልቁለቱንና ዳገቱን የሚጀምርበት። አዲስ አበባ ትልቅ ከተማ ናት ይባላል፤ እኛ ጋ ግን ትንሽ ከተማ ናት። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ጥበብ የሚሸጡትን፣ የዕድሩን ጸሐፊ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ሁሉን ሁሉም ያውቃል። ኅዳር 6 ለቁስቋም በዓል ሰፈሩ ሲሞላ እንኳ እንግዳው ከነዋሪው በአካሄዱ ይለያል። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ «ምስጢር» የሚለው ቃል ሌላ ትርጉም አለው። ምስጢር ማለት ማንም የማያውቀው ነገር አይደለም። ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይናገረው ነገር ነው።

ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ ይሄን በደንብ ያወቀ ይመስለኛል። እሱም ጋዜጠኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣት፣ አስቀድሞ ስለተነገረ አንድ ሞት የምትተርከው አጭር ልቦለዱ ላይ፣ ተራኪው ከ27 ዓመት በኋላ ወደ ትንሿ ከተማ ተመልሶ እንደ ሪፖርተር ሰው ለሰው እየዞረ ይጠይቃል። ገዳዮቹ ግን ከመጀመሪያው የታወቁ ናቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች ሊገድሉ መሆኑን ላገኙት ሁሉ ተናግረዋል። ከተማው በሙሉ ማለት ይቻላል ሰምቷል። ያልሰማው የሚገደለው ልጅ ነው። ስለዚህ የምርመራው ጥያቄ «ማን ገደለው?» ሳይሆን «ይሄ ሁሉ ሰው እያወቀ እንዴት ዝም አለ?» ሆነ። ለእኛ ሰፈር ዓይነት ቦታ ትክክለኛው የምርመራ ልቦለድ ይሄ ነው።

እንዲህ ስል እኛ ጥንት መመርመር አናውቅም ነበር ማለቴ አይደለም። እናውቅ ነበር፤ ቢያንስ ሁለት መንገድ ነበረን።

አንደኛው ሌባ ሻይ ነው። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ለጋ ልጅ የሚያሰክር ነገር ይጠጣል፣ ወገቡ ላይ ታስሮ በመንደሩ መሃል ይለቀቃል፣ የያዘው ሰውዬም ከኋላው ይከተላል። ልጁ ተንገዳግዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የዘለቀ ልማድ ነበር። ምስክር የለም፣ ጥያቄ የለም፣ ማስተባበያ የለም። መልሱ ከጥያቄው በፊት ይመጣል።

ሁለተኛው አውጫጭኝ ነው፤ አንዳንድ ቦታ አፈርሳታ ይሉታል። ጥፋተኛው ያልታወቀ ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፣ እያንዳንዱ ሰው እየማለ የሚያውቀውን ይናገራል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም። በግልጽ ለመናገር የሚፈራ ሰው በስውር ለሽማግሌ ይነግራል፤ አንዳንድ ቦታ እንዲህ ዓይነቱ ጠቋሚ «ወፍ» ይባል ነበር። ዛሬ ጋዜጠኞች «ስማቸው እንዳይጠቀስ የፈለጉ ምንጮች» የሚሉት መሆኑ ነው። ጥፋተኛው ካልተገኘስ? ካሳውን ሕዝቡ አዋጥቶ ይከፍላል። እኔን የሚገርመኝ ይሄኛው ክፍል ነው። የዝምታ ዋጋ በተበዳዩ ላይ ብቻ አይወድቅም ነበር፤ ዝም ያሉት ሁሉ ይካፈሉታል።

አውጫጭኝ ቅዱስ ነበር አልልም። ሰውን ሜዳ ላይ አግቶ ማናገር ማስገደድ ነው፤ ጠላቱን ለመበቀል «ወፍ» የሆነ ሰውም አይጠፋም። ግን ከሌባ ሻይ ጋር ሳነጻጽረው ትልቅ ልዩነት አያለሁ፦ አውጫጭኝ ሰው ይጠይቃል፣ ሌባ ሻይ በር ይጠቁማል።

አሁን ወደ ስልካችን እንምጣ። ባለፈው ዓመት ሰፈራችን ውስጥ ከአንዲት ልብስ ሰፊ እናት ቤት የዕቁብ ገንዘብ ጠፋ። ሰብሳቢዋ እሳቸው ነበሩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ለቅሶ ሄደው በ4 ሰዓት ሲመለሱ ብሩ የለም። በማግስቱ አንድ ሰው ከሰፈሩ ሱቅ ካሜራ የተቀዳ አጭር ቪዲዮ የሰፈሩ ቴሌግራም ላይ ለቀቀ። አንድ ወጣት ቦርሳ አንግቶ በጥድፊያ ያልፋል፤ ጥጉ ላይ 03:20 ይላል። ሦስት ሰዓት ከሃያ፤ ልክ እትዬ ለቅሶ ላይ የነበሩበት ሰዓት። በቃ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የልጁ ስም፣ የእናቱ ስም፣ የሚሠራበት ጋራዥ ተጻፈ። ማታ ላይ በራቸው ላይ ድንጋይ ተወረወረ።

እዚያው ሰፈር አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ አለች። ሥራዋ ስፖርት ነው፤ ወንጀል ዘግባ አታውቅም። ቪዲዮውን ደጋግማ አየችና አንድ ነገር ከነከናት። ሱቁ ዝግ ነው። መንገዱ ላይ ብርሃን የለም። ባለሱቁን «ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጉት?» አለችው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ዘግቶ አያውቅም። ታዲያ በሦስት ሰዓት ከሃያ እንዴት ተዘጋ? እኔን ጠርታ የካሜራውን ማጫወቻ እንድከፍትላት ጠየቀችኝ። ጊዜው ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር፤ መሣሪያው 14:00 ይላል። ካሜራው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 03:20 ማለት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሳይሆን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነው። ልጁ በዚያ በር ያለፈው ብሩ ከመጥፋቱ አሥራ ስምንት ሰዓት ገደማ አስቀድሞ ነው። እናቱን ጠየቀች፤ ማኅሌት ሊቆም ሲሄድ ነው፣ ቦርሳው ውስጥ ያለው ነጠላው ነው አሏት። እዚያ አላቆመችም፤ አብረውት የቆሙትን ዲያቆናት ሄዳ ጠየቀች። እውነት ነው አሉ።

አንድ መንደር በሙሉ ያየውን ሰዓት አንድ ሰው ጠየቀው። ልዩነቱ ይሄ ነው። ሌባ ሻይ የጠፋ ልማድ ይመስለን ነበር፤ የጠፋው የሚጠጣው ነገር ብቻ ነው። አንድ ቪዲዮ ሰክሮ ይለቀቃል፣ ሺህ ሰው ከኋላው ይሮጣል፣ የወደቀበት በር የሌባ በር ይባላል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ተጽፏል። ቴሌግራም ላይ ግን የሚከሰስ ሰው የለም፤ የሚፈረድበት ብቻ ነው ያለው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ጥሩ ልቦለድ ይወጣው ነበር። አላለቀም። ልጅቷ ስትጠይቅ ሌላም ነገር አገኘች፦ ብሩን ማን እንደወሰደው። የእትዬ የገዛ ዘመዳቸው ነው፤ እዚያው ቤት የሚኖር፣ በስፖርት ውርርድ ዕዳ ውስጥ የተዘፈቀ። ምን አደረገች? የካሜራውን ሰዓትና የዲያቆናቱን ምስክርነት ዘርዝራ ቴሌግራሙ ላይ በሙሉ ስሟ ጻፈች። የሁለተኛውን ግን አንድም ቃል አልጻፈችም። ማታ ሄዳ «እትዬ፣ ብቻዎን ላናግርዎ» አለቻቸው። እሳቸው ሽማግሌ ሰበሰቡ፤ ብሩ በየወሩ እየተከፈለ ነው። የቴሌግራሙ ሕዝብ ግን «ታዲያ ሌባው ማነው? ታውቂያለሽ፣ ትደብቂያለሽ» እያለ ለሳምንታት ወቀሳት።

ልክ ናት? እኔ ይሄን ብዙ አስቤበታለሁ። የልቦለዱ ሕግ «አይደለችም» ይላል። እውነት ግማሽ የለውም፤ ያገኘኸውን ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት ትናገራለህ። እኔ ግን ሁለቱ እውነቶች እኩል አይመስሉኝም። ንጹሕ ሰውን ነጻ የሚያወጣ እውነት ዕዳ ነው፤ ስሙ የጠፋው አደባባይ ላይ ከሆነ ዕዳው የሚከፈለውም አደባባይ ላይ ነው። እዚህ ላይ «ለማን ልንገር?» ብሎ ማመንታት የለም። ሰውን የሚከስ እውነት ግን አደራ ነው። አደራ ደግሞ ለባለቤቱ ነው የሚሰጠው። ብሩ የተወሰደባቸው እትዬ ናቸው፤ ዕቁብተኞቹ ናቸው። እነሱ ፖሊስ ጋ ልሂድ ቢሉ መብታቸው ነበር፤ እሷም ምስክር ትሆን ነበር። ትናንት ንጹሕ ልጅ ላይ ድንጋይ የወረወረው ሕዝብ ግን የዚህ እውነት ባለቤት አይደለም። ድንጋዩን ገና ከእጁ አልጣለም።

እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ ምክር የሰጠሁ እመስል ነበር፦ አጣራ፣ ንጹሑን ጮክ ብለህ አውጣ፣ ጥፋተኛውን በለሆሳስ ንገር። ግን ይሄ ምክር ከአንድ ሰው ታሪክ ጋር ሲጋጭ ይሰበራል። ሰውየው በዓሉ ግርማ ነው።

አማርኛ የወንጀልና የምስጢር ልቦለድ አጥቶ አያውቅም። ይልማ ሀብተየስ በወንጀል ልቦለዶቹ አንባቢ ነበረው፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የእኛን ትውልድ እንቅልፍ ነስቷል። ጋዜጠኛ፣ ምስጢርና እውነት አንድ ላይ የተገናኙበት ትልቁ መጽሐፋችን ግን «ኦሮማይ» ነው። በዓሉ ራሱ የዕድሜ ልክ ጋዜጠኛ ነበር፤ «አዲስ ሪፖርተር»ን፣ «አዲስ ዘመን»ን፣ «የኢትዮጵያ ሄራልድ»ን በአዘጋጅነት መርቷል፣ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኗል። ደርግ በ1974 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሲከፍት አብሮ አስመራ ሄደ። በ1975 ዓ.ም. ከኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የወጣው «ኦሮማይ» ዋና ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለማርያምም ጋዜጠኛ ነው።

ግን የጸጋዬን ቦታ ልብ በሉት። ከተማዋ ውስጥ የስለላ መረብ አለ፣ ማን ለማን እንደሚሠራ አይታወቅም፣ ምስጢሩ ሲፈታ መጽሐፉ እንደ ምርመራ ልቦለድ ይሮጣል። የሚመረምሩት ግን የደኅንነት ሰዎች ናቸው። ጋዜጠኛው የተላከው እንዲጠይቅ አይደለም፤ ዘመቻውን እንዲያስተዋውቅ ነው። የልቦለዱ ዓለም ተገልብጧል፦ መጠየቅ የሚገባው ሰው መልሱ አስቀድሞ ተጽፎ ተሰጥቶታል። የፊያሜታ ፍቅር እንኳ ውስጡ ምን እንዳለ እስኪረፍድ አያውቅም። ስለዚህ በልቦለዱ ውስጥ ያልተቻለውን ምርመራ ደራሲው በልቦለዱ አካሄደ። በጋዜጣ ሊጻፍ የማይችለውን፣ ያየውን የባለሥልጣናት ገበናና የጦርነቱን ከንቱነት፣ ልብ ወለድ ነው ብሎ ጻፈው። አንባቢም ገጸ ባሕርያቱ እነማን እንደሆኑ ወዲያው ለየ።

መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ ወጣ፤ አልተመለሰም። መኪናው ቃሊቲ አካባቢ፣ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። እሱ ግን እስከ ዛሬ የለም፤ መቃብርም የለውም።

ታዲያ በዓሉ እውነቱን በለሆሳስ መንገር ነበረበት? ለማን? ለባለቤቱ? የዚያ እውነት ባለቤት ልጆቹን ወደ ናቅፋ የላከ ሕዝብ በሙሉ ነው። በለሆሳስ ሊነገር የሚችለው ለባለሥልጣናቱ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቁታል። እዚህ ቦታ ላይ ጎረቤቴን ጨዋ ያሰኛት ዝምታ ተባባሪነት ይሆን ነበር።

ስለዚህ ምክሩን እንዲህ ብዬ ላስተካክለው። የእውነት ድምፅ የሚለካው በጥፋተኛው አቅም ነው። ጥፋተኛው ደካማ ከሆነ፣ እውነቱ ከሥራው በላይ የሚያጠፋው ከሆነ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ጥፋተኛው ድምፅህን ሊያጠፋ የሚችል ኃይል ካለው፣ ያን ጊዜ ጮክ በል፤ ምክንያቱም በለሆሳስ የተነገረው እሱ ጋ ብቻ ደርሶ ይቀራል። አንድ ሰው ስልክ ቢሰርቅ ስሙን ሺህ ሰው ማወቅ አያስፈልገውም። አንድ ቢሮ መሬት ቢሰርቅ ሺህ ሰው ካላወቀ አልታወቀም።

ይሄን ስል አንድ ጠንካራ ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ መምጣትም አለበት። «ገበናን መሸፈን» እያልን ስንት ነገር ሸፍነናል? ሚስቱን የሚደበድብ ሰው፣ የእህቱን ልጅ የደፈረ ሰው፣ በሽማግሌ፣ በእርቅ፣ «የቤት ነገር ነው» እየተባለ ስንቱ አለፈ? እነዚህ ሰዎች ባለሥልጣን አይደሉም። ብዙዎቹ ደሃ ናቸው። በእኔ ሚዛን ድምፃችንን ዝቅ ልናደርግላቸው ነው?

አይደለም። አቅም የሚለካው በኪስ ወይም በወንበር አይደለም፤ በእጁ ሥር ባለው ሰው ነው። ውጭ ሲታይ ምንም የሌለው አባወራ ቤቱ ውስጥ መንግሥት ሊሆን ይችላል፤ እስር ቤቱም ሳንሱሩም የእሱ ነው። ልጁ የምትፈራው እሱን ከሆነ፣ ለእሷ እሱ ደርግ ነው። የዕቁቡን ብር የወሰደው ወጣት እትዬን አያስፈራቸውም፤ እሱ ነው የሚፈራቸው። ስለዚህ ጥያቄው «ጥፋተኛው ማን ነው?» ብቻ አይደለም፤ «እውነቱ ሲነገር ማን ነው የሚፈራው፣ ሲደበቅስ?» ነው። መደበቁ ተበዳዩን ካስፈራው፣ መነገር አለበት፤ ለፖሊስ፣ ለፍርድ ቤት፣ እነሱ ካልሰሙ ደግሞ ለሚሰማ ሁሉ። እዚያም ቢሆን ግን አንድ ነገር አይቀርም፦ የምትጮኸው በተበዳዩ ስም ከሆነ፣ ተበዳዩን አስቀድመህ ጠይቅ። የእሷ ታሪክ ነው፤ የአንተ ግኝት አይደለም።

መርማሪ ጋዜጠኛ የምትወደድበት ልቦለድ ውስጥ አንድ የሚረሳ ነገር ስላለ ነው ይሄን የምለው። መጠየቅ ራሱ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ብዙ ጊዜ ጠያቂው አይደለም። ዲያቆናቱ ስማቸው ስለተጠራ ከሰፈሩ ጎረምሶች ጋር ተቃቅረዋል። ባለሱቁ «ቪዲዮውን ለምን አሳየሃት» ተብሏል። ጠያቂዋ ጎበዝ ተባለች፤ መላሾቹ እዚያው ሰፈር ውስጥ ከመለሱት ጋር ይኖራሉ። በእኛ ሥራ አንድ ነገር ሲበላሽ ጎበዝ ቡድን የሚጠይቀው «ማን አጠፋ?» ብሎ ሳይሆን «ምን ተበላሽቶ ነው ይሄ የተቻለው?» ብሎ ነው፤ አለበለዚያ በሚቀጥለው ጊዜ ማንም እውነቱን አይነግርህም። ሰፈርም እንደዚያው ነው። አንዴ የተናገረ ሰው ብቻውን ከተተወ፣ ቀጥሎ የሚጠየቀው ሁሉ «እኔ ምንም አላየሁም» ይላል። እውነትም ያኔ «ወፍ» እንኳ አታገኝም።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። ደስ የሚል ተረት ነው፤ ሰነፍም ያደርጋል። ንጋት በራሱ ይመጣል። እውነት ግን አይመጣም፤ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል፣ የሚናገር ሰው ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ የሚቀበል ሰው ይፈልጋል። በዓሉ ከጠፋ ከአርባ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስንት ጊዜ ነጋ። «ኦሮማይ» በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ደረሰ። የሌላውን ዓለም ሰዎች ያስደነቀው አንዱ ነገር የደራሲው ዕጣ ነው፤ የምስጢር ልቦለድ ጽፎ ራሱ ያልተፈታ ምስጢር የሆነ ሰው። ለእነሱ አስገራሚ ታሪክ ነው። ለእኛ ግን ጥያቄ ነው፤ መልሱንም ሊያውቁ የሚችሉ ሰዎች በዕድሜ እየገፉ፣ አንድ በአንድ እያለፉ ነው።

በ1975 ዓ.ም. ያ መጽሐፍ ሲወጣ አንባቢ አልጠፋም ነበር። ሰው ተሻምቶ አንብቦታል፤ ከተሰበሰበም በኋላ በድብቅ ተዋውሷል። የጠፋው ተቀባይ ነው፤ አንብቦ «ይሄን የጻፈ ሰው የት ገባ?» ብሎ አደባባይ ላይ የሚጠይቅ። በዚያ ዘመን ይሄን መጠየቅ ነፍስ ያስከፍል ነበርና በማንም አልፈርድም። ዛሬ ግን የምናስተላልፈው በአንድ ጣት ነው፤ የምንቀበለውም በዚያው ጣት። መርማሪ ለመሆን ሁላችንም ቸኩለናል። ካሜራ እንከፍታለን፣ ሰው እንጠረጥራለን፣ በር እንጠቁማለን። የጎደለን መርማሪ አይመስለኝም። የጎደለን «ሰዓቱን አጣርተሃል? የማን እውነት ነው? ከተናገርክ በኋላ ማን ይከፍላል?» ብሎ የሚቀበል አንባቢ ነው። ትንሿ ከተማ እፎይ የምትለው በዚያ አንባቢ ነው፤ ጥፋተኛው በስሙ ስለተጠራ አይደለም።